የተማረ ሰው ክብር የማን ነው?

በትምህርቱ የላቀውን ሰው ማክበር ተገቢ መሆኑን የሚጠራጠር ብዙ ሰው የለም። ችግሩ የሚጀምረው የላቁት ተለይተው ማኅበር ሲያቆሙ፣ ለማኅበሩም በርና በረኛ ሲያበጁለት ነው። ያን ጊዜ ክብሩ በእውነት የማን ነው? የተቀበለው ሰውስ ምን ሊሠራበት ነው? ከበሩ ውጭ ለቀረው ወንድም ምን ይተርፈዋል? ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆናል። ጥያቄው የፈላስፎች ብቻ አይደለም። በ1954 የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው፣ ከ2004 ወዲህ ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የሚጠራው ተቋም ከመላው አገሪቱ ወጣቶችን ይሰበስባል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከቁምስናዎቻችን ልጆች ጥቂቶቹ ተሰባስበው፣ «ጥንታዊ ቋንቋችንን ግዕዝን የምናጠናበት፣ የበረቱትም የሚከበሩበት ማኅበር እናቁም» ቢሉ፣ ቆሞሱም ካቴኪስቱም መልስ ሊኖራቸው ይገባል። መልሱም «እሰየው፣ በርቱ» ከማለት ያለፈ ቢሆን መልካም ነው።

እንዲህ ያለው ማኅበር በሌላው ዓለም እንግዳ ነገር አይደለም። በአሜሪካ አገር የግሪክኛና የላቲን ተማሪዎች «ኤታ ሲግማ ፊ» የሚባል የክብር ማኅበር አላቸው። በ1914 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ እንደ አንድ የተማሪዎች ክበብ ተጀምሮ በ1924 አገር አቀፍ ሆነ፤ በየዩኒቨርሲቲውም በግሪክ ፊደላት የሚጠሩ ቅርንጫፎች አሉት። ወደ ማኅበሩ የሚገባ ሰው ከሁለቱ ቋንቋዎች አንዱን ተምሮ ጥሩ ውጤት ማምጣት አለበት፤ ሲገባም ሥርዐት ይፈጸምለታል። የቅርንጫፉ ሹማምንት ስማቸው ግሪክኛ ነው፤ ሰብሳቢው «ፕሪታኒስ»፣ ጸሐፊው «ግራማቴውስ»፣ ገንዘብ ያዡ «ክሪሶፊላክስ»፣ ሥርዐት አስከባሪው «ፒሎሮስ» ይባላል። ክሪሶፊላክስ ማለት ወርቅ ጠባቂ፣ ፒሎሮስ ማለት በር ጠባቂ ነው። ወጣቶች በሚወዱት ቋንቋ ለራሳቸው የሹመት ስም ቢያወጡ አይነቀፉም፤ የእኛም አገር ሊቃውንት መሪጌታ፣ ቀኝጌታ፣ ግራጌታ እየተባባሉ ነው የኖሩት። ነገር ግን የነገራችን ሁሉ ማጠንጠኛ ወርቁና በሩ ስለሆኑ፣ እነዚህን ሁለት ስሞች አንባቢ በልቡናው ይያዝልን።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከመባሉ በፊት ጎንደር ራሷ ዩኒቨርሲቲ ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 መናገሻቸው ካደረጓት ጊዜ ጀምሮ በአድባራቷ ዙሪያ ጉባኤ ተተከለ። የበአታ የአቋቋም ጉባኤ ስሙ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜም «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» ተብሎ በሁለት መንገድ የተጓዘው ከዚህ ነው፤ ታች ቤትን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት መምህር ኤስድሮስ ናቸው። በ1888 ደርቡሾች ከተማይቱን ሲያቃጥሉ አብዛኞቹ አድባራት ወደሙ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ሆነ። ጉባኤው ግን ከግንብ ይልቅ በመምህሩ ቃልና በተማሪው ልቡና ላይ የቆመ ነበርና ከአመዱ ተነሥቶ ቀጠለ።

ከወገራና ከዳባት፣ ከደባርቅና ከጃናሞራ ደጋ፣ ከጎጃምም ማዶ ደበሎ ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ የሚመጣው ተማሪ ለመምህሩ የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም። እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፤ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነውን ከባልንጀሮቹ ጋር ይካፈላል፤ ሌሊቱን ብርዱ በጎጆው ስንጥቅ እየገባበት ቀለሙን ይቀጽላል። መምህሩም ደመወዝ ከተማሪ አይጠብቅም ነበር፤ የሚኖረው ደብሩ በያዘው መሬት ነው። ያ መሬት በ1975 በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ከአብያተ ክርስቲያናት ከተወሰደ ወዲህ የጉባኤ ቤቱ ኑሮ እጅግ ጠበበ። የእኅት ቤተ ክርስቲያናችን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ መምህራን በዚያ ጥበት ውስጥም ወንበራቸውን አለመተዋቸው ከእኛ በኩል ከልብ ሊመሰገን የሚገባው ነገር ነው።

በዚህ ትምህርት ቤት ክብር የሚሰጠው እንዴት ነበር? ቅኔ ቤትን እንመልከት። ተማሪው ቀኑን በየጥሻውና በየዛፉ ጥላ ብቻውን ተቀምጦ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል፤ ማታ ወደ መምህሩ ቀርቦ ያሰበውን ይቆጥራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። የሰመረለት እንደ ሆነ ጉባኤው «ይበል!» ይለዋል። በቃ፣ ሽልማቱ ይህ ነው። የሚያስደንቀው ግን ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ትናንት «ይበል» የተባለለት ቅኔ ዛሬ ተመልሶ አይቀርብም፤ ለዛሬ ሌላ፣ ለነገም ሌላ ማምጣት ያስፈልጋል። ክብሩ በተቀበለበት ሌሊት ያልቃል፤ እንደ መና ነው፣ ለነገ አይታደርም። ሁለተኛም፣ ወደ ላይ የወጣው ተማሪ ወደ ላይ በመውጣቱ የሚያገኘው ነገር ቢኖር ከበታቹ ያሉትን የማስቆጠር ሥራ ነው። የበረታ እንደ ሆነ አዳዲሶቹ ወደ እርሱ ይላካሉ፤ የእርሱ ጊዜ የእነርሱ ይሆናል። በአሜሪካው ማኅበር ወርቅ ጠባቂ የሚባል ሹም አለ፤ በቅኔ ቤት ግን ወርቁ ከሰሙ ውስጥ እየተፈለቀቀ ለሚሰማ ሁሉ ይሰጣል እንጂ የሚጠበቅ አይደለም።

የጥንቱን ሁሉ ማሞገስ ግን አልፈልግም። በእነዚያ ጉባኤዎች ውስጥ ምቀኝነት ነበረ፣ የቤትና የቤት ፉክክር ነበረ፣ ያወቁትን ደብቆ መሞትም ነበረ። ለሴት ልጅ በሩ ዝግ ነበር ማለት ይቻላል። በጎጃም ዓይነ ስውር ሆነው ሳለ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው ወንበር ዘርግተው ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው አንድም ስለ ሊቅነታቸው፣ አንድም ብቸኛ ሊባሉ ጥቂት ስለ ቀራቸው ነው። አንዲት ሴት ብርቅ በመሆኗ ስትደነቅ ስንት እኅቶቿ ሳይሞክሩት እንደ ቀሩ ማሰብ ይገባል።

ከቅኔ ዓይነቶች አንዱ «ክብር ይእቲ» ይባላል፤ «ክብር ናት» ማለት ነው። ስሙን የወሰደው ከመዝሙር 149 መጨረሻ ነው። ዳዊት በዚያ ሥፍራ ስለ ክብር ሲናገር ክብሪቱን ለአንድ ሰው አይሰጣትም፤ ለጥቂት ምርጦችም አይሰጣትም፤ ለጻድቃን ሁሉ ያደርጋታል። እንግዲህ ቅኔ የሚቀኝ ሊቅ «ክብር ይእቲ» ብሎ በጀመረ ቁጥር፣ ቢያስተውለውም ባያስተውለውም፣ ክብር የብዙዎች መሆኗን ይመሰክራል። ይህን አስተውሎ የተቀኘ ሰው ከቅኔው በኋላ ወንበሩ ላይ እንዴት ይኮራል?

ፈላስፎቹም ወደዚሁ ይመራሉ። አርስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ እንዳስተማረው ክብር የሚገኘው ከተከባሪው ይልቅ በአክባሪው ዘንድ ነው፤ ስለዚህም የሰው የመጨረሻ በጎ ነገር ሊሆን አይችልም፤ ሰጪው ሲነሣው ይሄዳልና። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ቶማስ ዘአኵዊኖ ይህን ተቀብሎ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይሄዳል። ክብር ስለ አንድ ሰው ብልጫ የሚሰጥ ምስክርነት ነው ይላል። ብልጫውን ደግሞ ሰውየው ከራሱ አላገኘውም፤ እግዚአብሔር የሰጠው ሌሎችን እንዲጠቅምበት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ክብርን ቢቀበል የሚያስደስተው ለሌሎች የሚጠቅምበትን መንገድ የሚከፍትለት እስከ ሆነ ድረስ ነው፤ ከዚያ ውጭ ክብርን መሻት ኃጢአት መሆኑን ቶማስ በግልጽ ያስተምራል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለአንዳንድ ደግ ልቦች የማይጥም ሊሆን ይችላል። ክብር ምስክርነት ከሆነ ለማይገባው ሰው መስጠት የሐሰት ምስክርነት ነው። «ማንም እንዳይከፋ ሁሉንም እናስገባ፣ ለሁሉም የምስክር ወረቀት እንስጥ» የሚለው አሳብ ፍቅር ይመስላል፤ ነገር ግን ያላነበበውን አንብቧል፣ ያልተረጐመውን ተርጕሟል ብሎ መመስከር ነው። መዝሙር በግዕዝ ማንበብ የማይችል ወጣት «የግዕዝ ሊቅ» የሚል ወረቀት ይዞ ወደ ቁምስናው ቢመለስና ምእመናን ንባብ ቢጠይቁት ኀፍረቱ የማን ነው? ወረቀቱን የሰጡት ሰዎች አይደሉምን? የቤት ልጆቻችንን ከምናዋርድባቸው መንገዶች አንዱ ይህ የርካሽ ምስጋና ልማድ ነው። በአንጻሩም ሌሊቱን ሲደክም ያደረውን፣ በእርግጥም የበረታውን ልጅ «ይታበያል» ብለን ምስጋናውን ብንከለክለው ዕዳ መንፈግ ነው። እንግዲህ መመዘኛው ዝቅ አይበል፤ በሩም በር ሆኖ ይኑር።

ጥያቄው በረኛው ፊቱን ወዴት አዙሮ ይቆማል የሚለው ነው። ፊቱን ወደ ውስጥ ካዞረ የገቡትን እየቈጠረ ይደሰታል። ወደ ውጭ ካዞረ ግን ገና ያልገባውን ያያል፤ ለመግባት ምን እንደ ጐደለው ይጠይቀዋል፤ ወጥቶም ያስተምረዋል። ጌታችን በጸሐፍትና በፈሪሳውያን ላይ ካነሣው ወቀሳ አንዱ እነርሱም አይገቡም፣ የሚገቡትንም ይከለክላሉ የሚል ነበር። በከበሬታ ወንበር መቀመጥንና «መምህር ሆይ» መባልን እንደሚወዱም በዚያው ምዕራፍ ተናግሯል። ሁለቱ ወቀሳዎች አብረው መምጣታቸው እንዲያው የሆነ አይመስለኝም።

በዚህ ነገር ከማንም ይልቅ የሚያስተምሩን ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። በ1791 በጎጃም በመርጡለ ማርያም አካባቢ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጡ፤ መንኩሰው የምንኵስናን ሥርዐትና የሃይማኖትን ነገር ሲመረምሩ ከገዳም ወደ ገዳም ዞሩ፤ በጎንደርም ተምረው አስተማሩ። በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከተላኩት መልእክተኞች አንዱ ነበሩ፤ በዚያው ጕዞ ሮምንና ኢየሩሳሌምን አዩ። ስማቸው የታወቀ፣ ደቀ መዛሙርት ያፈሩ ሊቅ ሆነው ሳለ በ1844 በቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ (በአቡነ ያዕቆብ) እጅ የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ነበር። ልብ እንበል፤ ወንበር ዘርግቶ ሲያስተምር የኖረ ሰው ሽበት ካወጣ በኋላ እንደገና ከተማሪ መቀመጫ ላይ ተቀመጠ! ሊቅነታቸውን ግን አልጣሉትም። ዘርዐ ክህነት ተማሪዎችን አስተማሩ፤ ትምህርተ ክርስቶስን በአገር ቋንቋ በማዘጋጀትም ከቅዱስ ዮስጢኖስ ጋር ደከሙ። ቅዱስ ዮስጢኖስ በ1851 ቅስና ሰጣቸው።

በ1854 ከባልንጀሮቻቸው ጋር በጎንደር ታሰሩ። ያ ከተማ የተማሩበትና ያስተማሩበት ነው። የዚያን ዘመን የሃይማኖት ጠብ ዛሬ በማቈርቈዝ የምናተርፈው ነገር የለምና ዝርዝሩን እዚህ አናነሣም፤ ሁሉም ወገን ያዘነበት ታሪክ ነው። ለነገራችን የሚጠቅመን ይህ ነው፦ እምነታቸውን ቢተዉ የቀድሞው ክብር ሁሉ ይመለስላቸው ነበር። ሊቅ ነበሩና የሚፈለግባቸው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ የሚፈለግባቸውም በቃል የታወቁ ስለ ነበሩ ነው። አልሰጡም። በ1855 በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት መካከል በሰንሰለት ታስረው ሲሄዱ በመንገድ ዐረፉ። ቅድስት መንበር ብፅዕናቸውን ያወጀችው በ1926 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ዘመን ነው። ከሞታቸው እስከ አዋጁ 71 ዓመት ነው። አርስጣጣሊስ ክብር በአክባሪው ዘንድ ነው ያለው ነገር ከዚህ ይልቅ በምን ይታያል? ያ ክብር ለእርሳቸው አንዳች አልጨመረላቸውም፤ ለእኛ ግን አባት ሰጠን።

ስለ ሌላው ሊቅ ስለ አባ ጎርጎርዮስ ባጭሩ እንናገር። ይህ የመካነ ሥላሴ ሰው በ1649 በሮም ከጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኘ፤ በ1652ም ወደ ጎታ ከተማ ሄዶ ግዕዝና አማርኛ አስተማረው። በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ በመርከብ አደጋ ሞተ። ሉዶልፍ በ1661 የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ አሳተመ፤ በአውሮፓም የግዕዝ ጥናት አባት ተባለ። ይሁን እንጂ መምህሩን አልደበቀም፤ ስሙን በመጽሐፉ ጻፈ፣ መልኩንም አሣለ። የተማረ ሰው ክብር ወደ ፊት ለደቀ መዝሙሩ ዕዳ እንዳለበት ሁሉ ወደ ኋላም ለመምህሩ ዕዳ አለበትና ሉዶልፍ ይህን ከፍሏል።

አሁን ወደ ወጣቶቻችን እንመለስ። የሚያቆሙት ማኅበር በሦስት ነገር ይፈተናል ብዬ አስባለሁ። የመጀመሪያው ዘላቂነት ነው። በጥንቱ ጉባኤ መምህሩ ይቀመጣል፣ ተማሪው ያልፋል። በዩኒቨርሲቲ ማኅበር ግን ሁሉም አላፊ ነው፤ ሰብሳቢው ሥራውን በለመደ ጊዜ ይመረቃል፤ ጸሐፊው መዝገቡን በሻንጣው ይዞ ይሄዳል። ሁለትና ሦስት ትጉሃን ልጆች ያቆሙት ማኅበር እነርሱ በወጡ ዓመት ስሙ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው ታላቅ ሊቅ እንዲሆን አይጠበቅበትም፤ መዝገቡን የሚይዝ፣ በየዓመቱ መስከረም አዲስ የገቡትን ከነባሮቹ ጋር የሚያገናኝ ካቴኪስት ይበቃል። ለንባቡና ለሰዋስዉ ደግሞ ከአድባራቱ መምህራን አንዱን በትሕትና ሄዶ መለመን ነውር የለበትም፤ አባ ገብረ ሚካኤልም የተማሩት ከዚያው ነው።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። መዋጮ ይኑር ከተባለ የድኻ ልጅ መጀመሪያ የሚቀረው በዚያ ነው፤ አልቻልኩም ማለት ስለሚያፍርም ዝም ብሎ ይጠፋል፤ እኛም ሰነፍ ነው እንላለን። ጉባኤ ቤቱ አኩፋዳ ይዞ የመጣውን ልጅ ዋጋ ሳያስከፍል ለ300 ዓመት ካስተማረ፣ በብርሃን ቤት የተሰበሰቡ ወጣቶች ለደብተርና ለሻይ ብለው በር መዝጋት የለባቸውም።

ሦስተኛውና ከባዱ ግዴታው ነው። ወደ ማኅበሩ በክብር የሚገባ ሁሉ ገና ያልገባ አንድ ሰው ይዞ ያስተምር። በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። «ክብር ለሠራው ሥራ የሚሰጥ ነው፤ አዲስ ሸክም ካሸከማችሁት ክብር መሆኑ ቀርቶ ቅጥር ይሆናል» ይባላል። ደግሞስ በጣም የበረታ፣ ነገር ግን ዓይነ አፋር የሆነ፣ በሰው ፊት አፉ የሚተሳሰር ልጅ ቢኖርስ? ማስተማር አልቻለም ተብሎ ይቅር? ለመጀመሪያው የምመልሰው ዕዳው የመጣው ከስጦታው እንጂ ከማኅበሩ አይደለም ብዬ ነው፤ ማኅበሩ ያስታውሳል እንጂ አይጭንም። ለሁለተኛው ግን በቀላሉ የሚገኝ መልስ የለኝም። ምናልባት ዝምተኛው ልጅ መጽሐፍ ይገልብጥ፣ የሌሎችን ንባብ ተቀምጦ ያርም፤ ምናልባትም በቅዳሴ ጊዜ በጓደኛው አጠገብ ቆሞ በጣቱ መስመሩን ያሳየው። ማስተማር ሁሉ በወንበር ላይ አይደለም።

«ቅዳሴያችን አብዛኛው በአማርኛ ሆኖ ሳለ ግዕዝ ለምን?» የሚል አንባቢም ይኖራል። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 ስለ ሥርዐተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ የሕዝቡን ቋንቋ ሲፈቅድ ላቲንን ከላቲን ሥርዐት አልሰረዘም፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 16ኛም በ2012 ለላቲን ቋንቋ ጥናት ጳጳሳዊ አካዳሚ አቋቁመዋል። በግዕዝ ሥርዐት የምንቀድስ እኛ የጸሎታችንን ምንጭ የሚያነብ ሰው ከመካከላችን ቢጠፋ፣ የትርጕሙን ትክክለኛነት እንኳ የምንጠይቀው ከሌላ ቤት ሄደን ይሆናል።

ማኅበሩ በምን ይጀምር ለሚል፣ በዳዊት ይጀምር። የጎንደር ልጅ ሁሉ ከፊደል ቀጥሎ የሚይዘው እርሱን ነበር። በግዕዝ ፊደል ከታተሙት መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያው በ1513 በሮም የታተመው መዝሙረ ዳዊት ነው፤ ዛሬ በየደብሩ ደጅ በትንሽ ዋጋ ይሸጣል። አንድ ሳምንት አንድ መዝሙር፣ መጀመሪያ ንባቡን፣ ቀጥሎ ትርጕሙን፣ የበረታው ከደከመው ጋር ተጣምሮ። 150 መዝሙር ነውና በሦስት ዓመት ገደማ ያልቃል፤ ለዚያን ያህል ጊዜ ሌላ መጽሐፍ መግዛት አያስፈልግም።